ውሃ ያልቀመሰው ካራ

«ጌታው ገደለው! ኧረ የሰው ያለህ! ጌታው ገደለው!»

ይህች ቃል መጀመሪያ የወጣችው ከመሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ አፍ ነው። የቁስቋምን ወርኃዊ በዓል ማሕሌት ቆሞ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ በወንዙ በኩል ወደ ቤቱ ሲወርድ፣ የሰፈሩ ጭቃ ሹም አምባቸው በብረት ሠሪው በጌታው ደጃፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘው። ጀርባው ላይ እጀታ የሌለው ካራ ተሰክቷል። ተክለ ጊዮርጊስ ሸጋ ድምፅና ፈጣን አፍ የተሰጠው ሰው ነበር፤ ሽማግሌዎቹ «ምላሱ ከልቡ ቀድሞ ይነቃል» ይሉታል። ደጃፉ የጌታው፣ ካራውም የጌታው። ሌላ ምን ይታሰባል ብሎ ጮኸ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ፀሐይ ሳትሞቅ ሰፈሩ ሁሉ ዱላና ችቦ ይዞ ደጃፉን ሞላው። ጌታው ቤተ እስራኤል ነው፤ የአገሬውን ማረሻና ማጭድ የሚሠራ እሱ፣ እንስራና ገንቦውን የምትሠራም ጥሩ የምትባለው ሚስቱ ናት። በደህና ቀን «ሸጋ እጅ አለው» ይባልለታል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ያው እጅ የቡዳ እጅ ይሆናል። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ያሳፍራል።

«ቤቱ ይቃጠል!» አለ አንዱ። «ከነሚስቱ!» አለ ሌላው።

ቤቱን ለጊዜው ከእሳት ያተረፈው የጣሊያን ማኪና ነው። ከጎንደር የመጣው ቴኔንቴ፣ የጣሊያኑ የጦር አለቃ፣ ሬሳውን ከማኪናው ሳይወርድ አየና ጥቂት ቃል ተናገረ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠራርጎ እንዲህ ሲል አሰማ፦

«ጌታዬ ማምሻውን ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ቤቱ ይፈተሻል፤ ሰውየውም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ሌላ ገዳይ አለ የሚል ካለ እስከዚያ ያምጣ።»

ሁለት አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ በር ላይ ትቶ ማኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። የሟች ሚስት ስንዱ ከሬሳው አጠገብ ቀና ብላ «አያ ዳኜን ጥሩልኝ» አለች።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አያ ዳኜ ጣሊያን ሳይገባ በጎንደር የዳኝነት ወንበር የነበራቸው ሰው ናቸው። ስማቸው በሰፈሩ «አያ ነገ» ነው። ምን ነገር ቢቀርብላቸው «ነገ ይታይ» ሳይሉ ስለማያልፉ፣ በአንዲት ፍየል የተካሰሱ ሁለት ባላገሮች ፍርዱን ሲጠብቁ ፍየሏ አርጅታ ሞተች ይባላል።

«እስከ ማታ ነው ያለን እንጂ እስከ ፋሲካ አይደለም» ብሎ አጉረመረመ ተክለ ጊዮርጊስ። ያም ሆኖ የሄደው እሱ ነው፤ እግሩም እንደ አፉ ፈጣን ነበር።

አያ ዳኜ ዘንጋቸውን እየተመረኮዙ ደረሱ። ሬሳውን ከማየታቸው በፊት ሦስት ነገር አዘዙ።

«አንደኛ፣ ማንም እንዳያለቅስ። አምባቸው ወንድም አለው፤ ሐብተ ማርያም ጠዳ ነው ያለ። ወንድም ሳይመጣ የሙት ልቅሶ አይነሣም። ሁለተኛ፣ ወልደ ዮሐንስ በቅሎ ጭነህ ሂድና ጥራው። እንደ ወጉ ‹ወንድምህ ታሟል፣ ድረስ› በለው። ሞተ እንዳትል፤ የት፣ እንዴት እንዳትል። ሦስተኛ፣ እናንተ ሁላችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ውጡና እዚያ ጠብቁ። ይህን ደጃፍ እንደ ገበያ ረገጣችሁት።»

«አያ ዳኜ፣ ምነው ጊዜ እናጠፋለን?» አለ ተክለ ጊዮርጊስ። «ነገሩ የተገለጠ ነው። ጌታውን አስሮ ማቆየት ነው እንጂ…»

«አንተ አየኸው? ሲወጋው?»

«አላየሁም። ግን…»

«‹ግን›ን ለማታ አቆያት፤ ትፈለግ ይሆናል።»

ሰዉ እያጉረመረመ ወደ ላይ ወጣ። አያ ዳኜ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከኩ። ካራውን በጨርቅ ይዘው ነቀሉት፣ ጠርገውም ወደ ብርሃን አነሡት። ጫፉ ጎብጧል። እጀታ መግቢያው ላይ ቡትቶ ተጠምጥሞበታል። ስለቱን ድንጋይ ላይ አስደግፈው በአውራ ጣታቸው ገፋ ቢያደርጉት እንደ ሰም ታጠፈና እንደታጠፈ ቀረ።

«ሸጋ» አሉ ለራሳቸው።

«ምኑ ነው ሸጋው?» አለ ተክለ ጊዮርጊስ።

አያ ዳኜ ወደ ብረት ማቅለጫው ጎጆ ገቡ። ጎጆው መዝጊያ የለውም፤ ደጃፉ ላይ ሰሌን ተንጠልጥሏል። ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ወናፉ ወድቋል። ግድግዳው ላይ እጀታ የገባላቸው፣ የተሳሉ ካራዎች ተሰቅለዋል። ከምድጃው ማዶ ትልቅ የከሰል ክምር አለ። ጌታው ክምሩ ላይ ተቀምጧል።

ተክለ ጊዮርጊስ ያየው ፊቱ የከሰለ፣ ዓይኑ የቀላ ገዳይ ነበር። አያ ዳኜ ግን ልብሱን ብቻ አዩ። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ሰውየው ለሰንበት የታጠበ፣ እንደ ወተት የነጣ ልብስ ለብሷል።

«እንደምን አደርህ ጌታው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ ዳኜ። አይጠጉኝ፤ ሬሳ ነክተዋል፣ በሕጋችን ያረክሳል።»

«አልጠጋህም። አምባቸው ትናንት አምሽቶ መጥቶ ነበር?»

ጌታው ዓይኑን ወደ ምድጃው መልሶ፣ «መጥቶ ነበር» አለ።

«ምን ፈልጎ?»

«ወዳጄ ነበር።»

«ወዳጅ በምሽት የሚያመጣው ጉዳይ አያጣም።»

«ወዳጄ ነበር» አለ ጌታው እንደገና። «ሸኝቼው ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ያየሁት ሬሳውን ነው። ሌላ የምለው የለኝም፤ ቢሰቅሉኝም የለኝም።»

ተክለ ጊዮርጊስ አያ ዳኜን በክርኑ ጎሸም አደረገ። «ሰሙት? የሚደብቀው ነገር አለ!»

«አለ» አሉ አያ ዳኜ ረጋ ብለው። «የሚደብቅ ሁሉ ግን ገዳይ አይደለም።»

የጌታውን ሚስት ጥሩን ከጓሮ አስጠሯት። መልሷ ቀጥ ያለ ነው።

«እሳቱን መቼ አጠፋችሁት?»

«ትናንት፣ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ። ሰንበት ሳይገባ ነው የምናጠፋ። ጌታው ካራ እየቀጠቀጠ ነበር። ቅርጽ አወጣላቸው እንጂ በውሃ አልነከራቸውም። ‹እሑድ እጨርሳቸዋለሁ› ብሎ እዚያ ድንጋይ ላይ ደርድሮ ተወ።»

«ስንት ነበሩ?»

«ሦስት።»

ድንጋዩ ላይ ሁለት ነበሩ።

ከዚያ አያ ዳኜ ስንዱን ለብቻዋ አነጋገሯት። ተክለ ጊዮርጊስ ከሩቅ የሚያየው ከንፈራቸውን ብቻ ነበር። አያ ዳኜ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ስንዱ ወደ አስካሪዎቹ አየች፣ አንገቷን ደፋች፣ ከዚያም በጣም አጭር መልስ ሰጠች። አያ ዳኜ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። በዚያች ቅጽበት ያረጁ መሰሉ።

«ምን አለችዎ?» ብሎ ሮጠ ተክለ ጊዮርጊስ።

«ነገ እነግርሃለሁ።»

«ነገማ ሰውየው ተሰቅሏል!»

«ስለዚህ ነው ዛሬ የማልነግርህ።»

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሐብተ ማርያም ከወልደ ዮሐንስ ቀድሞ በቅሎ እየጋለበ ደረሰ። ኩታውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ ለብሷል። ከበቅሎው ዘልሎ ወረደና አስካሪዎቹን አልፎ ወንድሙ ላይ ተደፋ። «ወንድሜ! ወንድሜን በላብኝ ይኼ ቡዳ!» ብሎ ደረቱን ደቃ። ቀጥሎም ወደ አስካሪዎቹ ዞረና፣ «ምነው እስካሁን አልፈተሻችሁም? ቤቱ ይፈተሽ እንጂ!» አለ።

«ቴኔንቴው ማታ ይፈትሻል» አሉት አያ ዳኜ። «አሁን አንተ ከመጣህ ልቅሶው ይነሣ። ሬሳውም እዚሁ ጎጆ ውስጥ ይገነዝ፤ በደም እንደተነከረ በመንገድ አይሄድም። ሐብተ ማርያም፣ ወንድም አያየውም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ውጣና መቃብሩን አስቆፍር።»

ሐብተ ማርያም ወደ ከሰሉ፣ ከዚያም ወደ አስካሪዎቹ አየ። እንቢ የሚልበት ምክንያት አጣና ሄደ።

«ጌታው፣ አንተም ውጣ» አሉ አያ ዳኜ። ጌታው ከክምሩ ላይ አልነሣም። «ውጣ ልጄ፤ በእኔ ይሁንብህ።» ጌታው ተነሥቶ ወጣ፤ ነጩ ልብሱ ከኋላው ጠቁሯል።

ተክለ ጊዮርጊስን በሩ ላይ አቆሙት። «ጀርባህን ለእኛ፣ ፊትህን ለአስካሪዎቹ። ፍትሐቱን አድርስ፤ ያን ሸጋ ድምፅህን አንድም ሳታስቀር።»

እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለተክለ ጊዮርጊስ ምርቃት ነው። ስንዱና አያ ዳኜ ከውስጥ ሲገንዙ፣ እሱ ከኋላው የሚሰማው ኮሽታ ሳይገደው አስካሪዎቹ ጆሮአቸውን እስኪይዙ ድረስ አዜመ። ሲጨርስ ሬሳው በሰሌን ተጠቅልሎ፣ በጠፍር ተጠፍሮ ቃሬዛ ላይ ነበር። ተሸካሚዎች ከላይ ተጠርተው መጡ፤ ተክለ ጊዮርጊስም ትከሻውን ሰጠ። ገና ዳገቱን ሳይጀምሩ ላብ አጠመቀው።

«ምነው እንዲህ ከበደ! አምባቸው እኮ ቀጭን ነበር።»

«ሙት ይከብዳል» አሉ ከኋላ የሚከተሉት አያ ዳኜ። «በተለይ በግፍ የሞተ።»

አምባቸው በቁስቋም ቅጥር ተቀበረ። አፈሩ እንደተመለሰ ማኪናው ደረሰ። ቴኔንቴው ወንበር አስመጥቶ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጠ። ጌታው እጁ የፊጥኝ ታስሮ በስተግራው ቆመ። ገመዱን የያዘው አስካሪ ቅርንጫፎቹን ያማርጥ ነበር።

አያ ዳኜ መሐል ገቡ። «ጌቶች፣ በአገራችን ወግ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይባልና አገር ሁሉ ይቀመጣል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም አይነሣም። ድሮ ቀናት ይፈጅ ነበር። ዛሬ ለጌታ ቴኔንቴ ስል እቸኩላለሁ።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። ቴኔንቴው ሰዓቱን አየ።

«ካራውን እዩት። ጎብጧል። የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ካልተነከረ ለስላሳ ነው፤ አጥንት ሲነካ ይታጠፋል። ይህ ካራ ዓርብ ቀን ተቀጥቅጦ፣ ለሰንበት እሳት ሲጠፋ ሳይነከር ከቀሩት ከሦስቱ አንዱ ነው። ሠሪው ከአጠገቡ የተሳለና እጀታ ያለው ካራ ተሰቅሎለት ሳለ፣ በገዛ እጁ እንዳልጨረሰው የሚያውቀውን አንሥቶ ሰው ይገድልበታል? ይህን ያነሣው በጨለማ ገብቶ ያገኘውን ቀማ አድርጎ የወጣ ነው። በጌታው ካራ፣ በጌታው ደጃፍ ሊገድል የቸኮለ ሰው ነው።»

ማጉረምረም ተነሣ። በዚህ ጊዜ ተክለ ጊዮርጊስ ከተቀመጠበት ተወርውሮ ቆመ።

«ገባኝ! ሐብተ ማርያም ነው! መርዶ ሳይነገረው ኩታውን አዘቅዝቆ መጣ! ሞቱን አስቀድሞ ያውቅ ነበር!»

«ተቀመጥ» አሉ አያ ዳኜ፤ ድምፃቸው እንደዚያ ሲቆጣ ማንም ሰምቶ አያውቅም። «ጧት ጌታውን ለገመድ ሰጠኸው፤ አሁን ደግሞ ሐብተ ማርያምን። ‹ታሟል፣ ድረስ› የተባለ ሰው ሁሉ ሞት ይጠረጥራል፤ እኔም ብሆን ኩታዬን አዘቀዝቅ ነበር። በዚህ ሰው አይሰቀልም።»

ተክለ ጊዮርጊስ ፊቱ እሳት ሆኖ ተቀመጠ። ሐብተ ማርያም በረጅሙ ተነፈሰ፤ ፈገግም ያለ መሰለ። «እግዜር ይስጥዎ፣ አያ ዳኜ።»

«አሜን። ለወጉ ያህል አንድ ልጠይቅህ። ወንድምህ ታሟል ሲሉህ ወዴት መጣህ?»

«ወደ… ወደ ወንድሜ።»

«የታመመ ሰው ያለው ቤቱ ነው። የአምባቸው ቤት በላይኛው መንገድ ነው፣ ከዚህ ቅጥር ሥር። የጌታው በታችኛው ነው፣ ከወንዙ ዳር። አንተ ከመገንጠያው በታችኛው ወረድህ። ወልደ ዮሐንስ፣ የት እንደወደቀ ነግረኸዋል?»

«በታቦቱ! ‹ታሟል፣ ድረስ› ነው ያልሁ። እሱም ምን ሆነ አላለኝ።»

«ልቅሶ ሰምቼ ነው!» አለ ሐብተ ማርያም ፈጥኖ። «የልቅሶውን ድምፅ ተከትዬ ወረድሁ!»

አንዲት አሮጊት ከኋላ፣ «ኧረ ማን አልቅሶ!» አለች።

«ማንም» አሉ አያ ዳኜ። «አንተ እስክትመጣ እንዳይለቀስ ከልክዬ ነበር።»

«እንግዲያው ሰው ተሰብስቦ አየሁ…»

«ሰው ሁሉ እዚህ ነበር። ታች የነበርነው ጥቂት ሰዎች ነን፤ ከመገንጠያው ላይ የሚታየውም የጎጆ ክዳን ብቻ ነው። ያለቅሶ፣ ያለሰው፣ ያለነጋሪ ሬሳው ያለበትን የሚያውቅ ማነው? የተወው ነው። ወልደ ዮሐንስ፣ የሐብተ ማርያም በቅሎስ?»

«ደጁ ላይ ተጋድማ ነበር፣ አያ። ላቧ ደርቆ ጨው ሠርቶባት። እሱ የመጣው ከጎረቤት ተውሶ ነው።»

«ሌሊቱን ከቁስቋም ጠዳ የጋለበች በቅሎ ታርፍ ዘንድ ይገባታል። አምባቸው ልጅ የለውም፤ ጭቃ ሹምነቱ ለማን እንደሚያልፍ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ሌላ ምክንያት ቢኖረው፣ እሱ ይንገረን።»

ሐብተ ማርያም ዙሪያውን አየ። ጧት ጌታውን የከበበው ያው ሕዝብ አሁን እሱን ከብቦታል። ዝም ቢል ምናልባት ይድን ነበር፤ የቸኮለ ግን አፍሶ ይለቅማል። ወደ ቴኔንቴው እግር ሮጠ።

«ጌታዬ! አይስሟቸው! እኔ የእርስዎ ሰው ነኝ፤ የሽፍቶቹን ነገር የምነግርዎ እኔ አይደለሁም? ይኼ ብረት ሠሪ የሽፍቶቹን ጠመንጃ ይጠግናል! ከከሰሉ ሥር ነው፣ አሁኑኑ ያስቆፍሩ! ሦስት ጠመንጃ ከከሰሉ ሥር!»

ጌታው ዓይኑን ጨፈነ። ስንዱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። አስተርጓሚው እየተንተባተበ ተረጎመ፤ አስካሪዎቹ በቴኔንቴው የጣት ምልክት ቁልቁል ሮጡ።

እስኪመለሱ አያ ዳኜ ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ በጣም በዝግታ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ሐብተ ማርያም፣ አንተ ጠዳ የምትኖር ሰው፣ በዚህ ሰው ከሰል ሥር ያለውን እንዴት አወቅህ?»

ሌሊት ከጎጆው ኋላ ተለጥፎ፣ ወንድሙ ጌታውን «ነገር ወጥቶብሃል፣ ከከሰሉ ሥር ያሉትን ሦስቱን ጠመንጃዎች አሽሽ፤ ያወጣብህም የገዛ ወንድሜ ነው» ሲለው መስማቱን እንዴት ይናገር? አምባቸው ይህን ያወቀ ዕለት የሐብተ ማርያም ነገር አልቆ ነበር። ዱር ያሉት አርበኞች ለጠቋሚ ምሕረት የላቸውም።

አስካሪዎቹ እስከ ወገባቸው ጠቁረው ተመለሱ። «ከሰል ነው» አለ አንዱ። «እስከ መሬቱ ቆፈርን፤ ከሰል ብቻ ነው።»

ቴኔንቴው ተነሣ። ሕዝቡ ፊት ሞኝ መደረጉን ከሁሉ አብልጦ የጠላ ይመስላል። በሐብተ ማርያም ላይ የጮኸውን አስተርጓሚው ሊተረጉም አልደፈረም፤ አያስፈልግምም ነበር። ከጌታው እጅ ላይ የተፈታው ገመድ ሐብተ ማርያምን አሰረ። ማኪናው ወደ ጎንደር ሲወጣ ማንም ድንጋይ አልወረወረም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቁስቋም ሐብተ ማርያምን አላየውም።

ተክለ ጊዮርጊስ ለጌታው የሚለውን ሲፈልግ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጣ። ጌታው የተላጠ አንጓውን እያሸ፣ «ሰንበት ነው፤ ቤትዎ ይግቡ መሪጌታ» ብሎት አለፈ። ከዚህ ስድብ በተሻለ ነበር።

በሣልስቱ ጧት ተክለ ጊዮርጊስ ከሰው ሁሉ ቀድሞ መቃብሩ ዘንድ ደረሰ። ደርሶም ደነገጠ። አፈሩ ተቆፍሮ እንደገና ተመልሷል፤ የቅዳሜው ድንጋይ ቦታውን ስቷል። መቃብር ተደፍሯል! አየር ወደ ሳንባው ሳበ፤ ቅጥሩን የሚያናውጥ ጩኸት ጉሮሮው ላይ መጣ።

ያን ጊዜ ዓይኑ ከቀዩ አፈር መሐል አንዲት ቁራጭ ከሰል ላይ ዐረፈ።

ጩኸቱ ጉሮሮው ላይ ቀረ። ነጭ ልብስ ለብሶ ከሰል ላይ የተቀመጠውን ሰው፣ በሩ ላይ ሲያዜም ከኋላው የሰማውን ኮሽታ፣ የቀጭኑን ሰው ክብደት አንድ በአንድ አሰበ። ሦስቱ ጠመንጃዎች ከጎጆው የወጡት በገዛ ትከሻው ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከሰሏን በእግሩ ጣት ወደ አፈሩ ቀበራት፤ ተንበረከከና በሁለት እጁ አፈሩን ደልድሎ ድንጋዩን መለሰ።

ሐዘንተኞቹ ሲደርሱ እጁን እያራገፈ አገኙት።

«ምነው መሪጌታ» አለች አንዲት ሴት፣ «አፈሩ እንደ አዲስ ሆነብኝሳ?»

ተክለ ጊዮርጊስ ከሰዎቹ ኋላ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው የቆሙትን አያ ዳኜን አየ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

«ነገ ይታይ» አላት።